ነጩ ጠብታና ያልደወልከው ስልክ

አሰላሙ አለይኩም ጀማልዬ፣ ወንድሜ፣ ጌታዬ!

እንዴት ነህ? በጣም እንዴት ነህ? ካርቶን ስታነሳ የተቀጨው ወገብህስ ተሻለው? የመጋዘኑ አለቃ ጠባዩ ተመለሰ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ያንባርቅባችኋል? የምትተኙበት ክፍል ኤሲውስ ተሠራ ወይስ ዛሬም ባህረዲን ራስ ላይ ያንጠባጥባል? ትበላለህ? ትተኛለህ? ጁምዓ ጁምዓ ይለቁሃል? ለሁሉም መልስ እፈልጋለሁ። «ደህና ነኝ» ብለህ እንዳታልፈኝ፤ እኔም ዛሬ «ደህና ነን» ብዬ አላልፍህም።

እኛ አልሐምዱሊላህ! ስልክ ላይ የምልህ «ደህና ነን» እማ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጭኔን እየቆነጠጠችኝ የምለው ነው። ይሄኛው ግን ማንም ያልቆነጠጠው ነው። እማ አየች! ጀማል ሰማኸኝ? እማ በግራ ዓይኗ አየች! ጽሑፌ እንደ ዶሮ ጭረት ከሆነብህ ከደስታ ነው፤ «ትምህርት ስላቋረጥሽ ነው» የሚለውን ዘፈንህን እንዳትጀምርልኝ።

ፌስቡክ ላይ ጻፊልኝ ትለኛለህ። ፌስቡክ ላይ የሚጻፈው «ሃይ» ነው፤ ይሄ «ሃይ» አይደለም። ስልክ ላይ እንዳልነግርህ ደግሞ እማ ከስልኩ ጋር ተጣብቃ ነው የምትውለው፤ በውስጡ እሷ መስማት የሌለባት ነገር አለ። ጫማ ነጋዴው ሰላሁዲን እሁድ ለዕቃ ግዢ ወደ እናንተ ወደ ዱባይ ስለሚበር በእሱ እልክልሃለሁ። ወረቀቱን ስትከፍተው ካስነጠሰህ አውፍ በለኝ፤ በርበሬ በረንዳ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ አንተ እኮ የሰማኸው ግማሹን ነው። ኅዳር ላይ አዲሱ የማረቆ በርበሬ ሲገባ እማ ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብላ ዛላ ትቀነጥሳለች። አንዱ ጭራ ተፈናጥሮ ግራ ዓይኗን መታት። አሸት አሸት አደረገችውና ሥራዋን ቀጠለች። ማን ልብ ይላል? እኛ ዘንድ ዓይን መቅላት በሽታ አይደለም፣ መታወቂያ ነው። በረንዳው ላይ ዓይኑ ያልቀላ ሰው ካየህ ወይ ገዢ ነው ወይ ግብር ሰብሳቢ።

በማግስቱ ዓይኗ አብጦ መጣ። ያቺን የበረንዳውን ጠብታ ታስታውሳታለህ አይደል? እትዬ አበራሽ ከሚዛኗ በላይ ሚስማር ላይ በፌስታል የምታንጠለጥላት ብልቃጥ። አንድ ጊዜ አንድ ፋርማሲ ሰጣት፣ ከዚያ ወዲህ ባዶዋን እያሳየች ሌላ ትገዛለች። የበረንዳው ሰው በሙሉ ዓይኑ ሲቀላ እየሄደ አንጋጦ ይጠብቃል፤ እትዬ አበራሽም እንደ ቄስ ጠበል ጠብ ታደርግለታለች። ሲነጋ ቅላቱ የለም! ስንቱን አድናለች መሰለህ፣ ማለት ያዳነች መስሏት። ለእማም ጨመረችላት። ቅላቱ ጠፋ። «ዳነች» ተባለ። እኔም ዳነች አልኩ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰለህ፣ ብሌኗ ላይ ነጭ ነገር ወጣ። መጀመሪያ የሰሊጥ ፍሬ ነበር የሚያክለው። ብርሃን ሲነካት እየጮኸች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መቀመጥ ጀመረች። በረንዳው ተሰብስቦ ፈረደ፤ አንዱ «አቧራ ነው»፣ ሌላው «ዓይነ ጥላ ነው»፣ እትዬ አበራሽ ደግሞ «ጠብታው አነሳት፣ ጨምሩላት»። ጨመርንላት። ነጩ ባሰበት።

እኔ ታውቀኛለህ፣ ደሜ ሲፈላ ክዳን የለኝም። አንድ ቀን ጠዋት ተነሳሁና «ዓይን ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አልኩ። እማ፣ «አዲስ በርበሬ በገባበት ሰሞን? ሰው ምን ይለኛል?» አለች። «ዕውር ከሚልሽ ሥራ ፈት ይበልሽ» ብዬ ጋቢዋን ጫንኩባትና ጎትቼ አወጣኋት። እግረ መንገዴን ያቺን ብልቃጥ ከሚስማሩ ላይ መንጭቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። እትዬ አበራሽ ከኋላዬ «አንቺ ሰልሰቢል! አንቺ የእሳት ልጅ!» እያለች ስትጮህ ዞሬ አላየሁም። ሰባተኛ ሰፈር ለባቡሩ ተቆፍሮ ገደል ሆኗል፤ እማን ጠርዝ ጠርዙን እያስያዝኩ በእግር መሳለሚያ ድረስ ወስጄ ታክሲ ላይ ጫንኳት።

የመንግሥት ሐኪም ቤት ነው። ያየችን ዶክተር ጠሂራ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምታወራ፣ ከሠርግ የተረፈ ሂና ጥፍሯ ላይ ያለ። እማን አገጯን መሣሪያው ላይ አስደግፋ በብርሃን ስታያት ቆየች። «ምን ነካዎት እናቴ?» አለቻት። እማ «በርበሬ» አለች። «ምን ጨመሩበት?» ስትላት እማ የጋቢዋን ጫፍ ታጥፋለች። እኔ ብልቃጧን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረግኳት። ዶክተሯ አንስታ አነበበችና ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ «ይሄ እኮ ውስጡ ኮርቲዞን አለው» አለች። «ቅላቱን ያጠፋል እንጂ ጀርሙን አይገድልም። ሰውነት የሚዋጋበትን እጅ ያስረዋል። የገባው ፈንገስ ከሆነ ሜዳውን ለቃችሁለታል ማለት ነው።»

እኔ ወዲያው ገባኝ። አንተም ይገባሃል። ዝናብ የነካው ዛላ ውስጡ ሻግቶ፣ ነጋዴው ላዩን ዘይት አስነክቶ ሲያብረቀርቀው አላየህም? ላዩ ሲያምር፣ ስትሰብረው ግራጫ አቧራ ቡን የሚለው? የእማን ዓይን ያደረግነው እሱን ነው። ላዩን አሳመርንና ሻጋታውን አሳደግነው።

ዓይኗን አደንዝዛ በቀጭን ነገር ፋቅ ፋቅ አደረገችና መስታወት ላይ ቀብታ ላከችው። የተረፈውን ደግሞ ሳህን ላይ ሊያበቅሉት ወሰዱት። ውጤቱ ሲመጣ ፈንገስ ነው፤ ከዛላው ጭራ ጋር የገባ። ከዚያ ጠብታ ሰጠችን፣ ናታማይሲን ይባላል። አሁን ስጽፈው ቀላል ሆነ እንጂ እማ እስከዛሬ «ነጩ» ነው የምትለው። ስትንጠው ወተት ነው፣ ስታስቀምጠው ታች ይዘቅጣል፤ በቃ የኖራ ውሃ በለው። በየሰዓቱ ይጨመራል። ሞባይሌን በዶሮ ጩኸት ሞላሁት፤ ዶሮው ሲጮህ ግቢው በሙሉ «ጠብታ!» ይላል። ፉርቃን ወንድምህማ ትምህርት ቤትም «ጠብታ» ብሎ ጮሆ ተገረፈ። መድኃኒቱ ሽፋሽፍቷ ላይ ስለሚደርቅ እማ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ መሰለች።

ያን ጊዜ ነው ለአንተ የደወልንልህ። አንተም አላስቻለህም። ህንዱ የሥራ ጓደኛህ «አሁን አዲሱ፣ ምርጡ ይሄ ነው» ብሎህ ያንን ቮሪኮናዞል የሚባለውን ፈልገህ፣ ሁለት ብልቃጥ በሰላሁዲን ላክህ፣ ከፎቶህ ጋር። ጀማል፣ ሳጥኑን ስንከፍተው ምን ልበልህ! እንደ ዘምዘም ጥርት ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ማኅተም ያለው። እማ ፎቶህን ገልብጣ በሻሿ ጠቀለለችና «በአንድ ዓይን ልጄን አላይም። በሁለቱ ሳይ ነው የማየው» ብላ ትራሷ ሥር ከተተችው። እኔ እዚያ ላይ ወጥቼ በር ላይ ቆምኩ፤ ለምን እንደወጣሁ አትጠይቀኝ።

በረንዳው ደግሞ ፈረደ። መርካቶን ታውቀዋለህ፤ ውድ ከሆነ ኦርጅናል ነው፣ ርካሽ ከሆነ ፎርጅድ ነው፣ ሌላ ሕግ የለንም። «የዱባዩን ትታችሁ የመንግሥት ኖራ ትቀቧታላችሁ?» አሉን። ልክ ናቸው አልኩ። ያንተን ብልቃጥ ይዤ በረርኩና ዶክተሯ ክፍል ሳላንኳኳ ገባሁ። ዶክተር ማለቱንም አንቱታውንም ረሳሁት። «ድሃ ስለሆንን ነው ይሄን የኖራ ውሃ የሰጠሽን? ወንድሜ አዲሱን ልኳል፣ ይሄው!» አልኳት። ዘበኛው ሊያስወጣኝ ክንዴን ያዘኝ። እሷ «ተዋት» አለችው። ከዚያ ወንበር ጠቆመችኝ።

«በርበሬ ነጋዴ አይደለሽም?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«አንድ ዛላ ቀምሰሽ ጆንያውን ትገዣለሽ?»

«ምን ሞኝ አረገኝ! ከላይም ከመሃልም ከታችም እቀምሳለሁ። ሻጩ መርጦ የሚሰጠኝን ደግሞ ጨርሶ አልቀምስም።»

ሳቀች ጀማል። «ሐኪሞቹም ያደረጉት እሱን ነው» አለች። ህንድ አገር፣ ያንተ ጓደኛ አገር ማለት ነው፣ ዓይናቸውን ፈንገስ የያዛቸው በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ሰበሰቡ፤ አብዛኛው ገበሬ ነው፣ ገለባ ምናምን የመታው። ከዚያ እንደ እቁብ ዕጣ አወጡላቸው። ለግማሹ ነጩ ደረሰው፣ ለግማሹ ያንተ ጥርት ያለው። ማንም መርጦ አልሰጠም፤ ዓይናቸውን በኋላ የሚለኩት ሰዎችም ለማን የቱ እንደደረሰ አያውቁም። ወራት ቆይተው ሲያዩት ነጩ የደረሳቸው የተሻለ አዩ፤ ዓይናቸው የተበሳባቸውም ከነዚያኞቹ ያነሱ ነበሩ። በተለይ ፉዛሪየም ለሚባለው ፈንገስ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሳህኑ ላይ የበቀለው የእማ ደግሞ ማን ይሁን? እሱ ራሱ ፉዛሪየም! ይሄ ሁሉ አምና የወጣ ነው አለችኝ፤ ገና ትኩስ ነው።

«ወንድምሽ የላከው መጥፎ እንዳይመስልሽ» አለችኝ። «ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ለሌላ ዓይነት ፈንገስ፣ ነጩ ለጠፋበትም ሰው ይጠቅማል። ለእናትሽ ግን ነጩ ይቅደም። አዲስ ስለሆነ፣ ውድ ስለሆነ አይበልጥም፤ ጎን ለጎን ተለክቶ የበለጠው ነው የሚበልጠው።»

ጀማል፣ እኔ ከዚያ ክፍል ስወጣ መሬት አልረገጥኩም! ዕጣ! እስቲ አስበው፣ ሰው የማይመርጥበት፣ አፍ የማይፈርድበት! እዚህ በረንዳ ላይ ጉሮሮው የሰፋ ነው የሚያሸንፈው፣ እኔ ራሴ ጉሮሮዬን ይዤ ነው የሄድኩት፤ እነሱ ግን ማንንም ሳይሰሙ ለዓይኑ ብቻ ተዉት። ዘጠነኛ ክፍል እንዲህ አድርጎ የሚያስተምር ቢገጥመኝ ኖሮ ዛሬ ነጭ ጋዋን ለብሼ ታየኝ ነበር። በል በል፣ አትሳቅ።

ቤት ገብቼ ለእማ ነገርኳት። «እሺ» አለች። በጣም ቶሎ እሺ አለች። እማ ቶሎ እሺ ስትል መጠርጠር ነበረብኝ።

ጥር ላይ ለምርመራ ስንሄድ ዶክተሯ ቆይታ ቆይታ አየችና ፊቷ ጠቆረ። «ሰፍቷል» አለች። «እንዴት እንደሆነ አልገባኝም። እንዲህ ከቀጠለ የዓይኑ መስታወት ይበሳል፤ ዓይኑን ማውጣት ሊመጣ ይችላል።» እማ አልሰማችም፣ ቀድማኝ ወጥታ ሂሳብ ክፍል ሰልፍ ይዛ ነበር፤ እኔ ነኝ የሰማሁት። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እሷ ስለ በርበሬ ዋጋ ታወራለች፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ መስኮት አያለሁ። በረንዳው «አላልንም? ነጩ ነው ያበላሸው» አለ። እውነቴን ልንገርህ፣ እኔም ተጠራጠርኩ። ደውዬ «ያንተን ልጀምርላት ነው» ልልህ ስልኩን አንስቼ ነበር።

በማግስቱ ቀን ላይ ቁልፍ ረስቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። ቀን ቀን እኔ በረንዳ ስለምውል የቀኑን ጠብታ እማ ራሷ ናት የምትጨምረው። ገብቼ ሳያት ሽፋሽፍቷ ንጹህ ነው። ጀማል፣ ነጭ የሚባል የለበትም! አሁን ታጥቦ የወጣ ይመስላል። «እማ፣ ነጩን ጨመርሽ?» «ጨመርኩ።» «መቼ?» «አሁን።» ዘወር ስል በወተት ጣሳ የተከለቻት ጤና አዳም ቅጠሏ በሙሉ ነጭ ነጠብጣብ ለብሷል።

«እማ፣ ጤና አዳሟንም ዓይኗን አሟታል?» አልኳት።

ትራሷን አነሳሁ። ያንተ ብልቃጥ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ አልቆ አልቆ ጥቂት ቀርቶታል። ለካ ነጩ እንዲጎድል ጣሳው ውስጥ እያፈሰሰች፣ ያንተን ቀን ቀን ዓይኗ ውስጥ ስትጨምር ነው የከረመችው። ነጩን የምታገኘው እኔ ማታ ስጨምርላት ብቻ ነው።

ምን አለችኝ መሰለህ? «ዓይኔ ላይ ያለው ነጭ ነው። ነጭ ላይ ነጭ ቢጨምሩበት ይጠራል እንዴ? የሚያጠራ የጠራ ነገር ነው።» አላበቃችም። «ደግሞ ልጄ በሰው አገር ካርቶን ተሸክሞ የላከውን ሳጥን ውስጥ ዘግቼ ልደር? ብልቃጡን ስይዘው እኮ እጁን የያዝኩት ነው የሚመስለኝ።»

አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? እኔ የማውቀውን አደረግኩ፣ ጮህኩ። ዕጣውን፣ ገበሬዎቹን፣ ፉዛሪየሙን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ለቀቅኩባት። ጎረቤት ወጣ። «ዓይንሽን ሊያወጡት ነው!» አልኳት። እሷ እጇን አጣጥፋ «አላህ ያውቃል፣ የልጄን አልተውም» አለች። ዓይኔ ውስጥ በርበሬ ነገር ገብቶ ነበር፣ ፊቴን ጠረግኩና ወደ በሩ ወጣሁ።

አሁን ያንን እማ መስማት የሌለባትን ነገር ልንገርህ። በሩ ላይ ቆሜ ሞባይሌን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩና «ሄሎ! ጀማልዬ! ወላሂ? አሁን ስላንተ ነበር የምናወራው!» አልኩ። ማንም የለም እኮ! ከዚያ ብቻዬን «እንዴ! ህንዱ ጓደኛህ ራሱ እንደዚያ አለ? ነጩ ይሻላል አለ? የኔ ይቁም አልክ? እሺ... እሺ እነግራታለሁ... እንዳትቆጣ በቃ!» እያልኩ ተንጎራደድኩ። እማ «ስጪኝ፣ አናግረዋለሁ» ብላ እጇን ስትዘረጋ «ካርድ አለቀበት» አልኳት። ተመልሼ ቁጭ አልኩና «ሰማሽ አይደል? ጀማል ነጩን በየሰዓቱ ጨምሪ፣ የኔን ተዪው ብሏል» አልኳት። ፊቴን ትኩር ብላ አየችው። «እሱ ካለ ይሁን» አለች። ነጩን ራሷ አንስታ ናጠችና አንጋጠጠች።

እና ሰራ ጀማል! ሰራ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽፋሽፍቷን እንደ ጉምሩክ ነው የምፈትሸው። መጀመሪያ ብርሃኑ ተዋት፣ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። ከዚያ የነጩ ጠርዝ መሰብሰብ ጀመረ። ዶክተሯ በየሳምንቱ ስታያት ፊቷ እየበራ ሄደ። ስለ ጣሳው ስነግራት መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ያልተከፈተውን ሁለተኛ ብልቃጥህን ምን እንዳደረግነው ልንገርህ፤ ኮሪደሩ ላይ ሁሌ አጠገባችን የሚቀመጡ ጋሽ ፈለቀ የሚባሉ የበቾ ገበሬ አሉ፣ ጤፍ ሲወቁ ገለባ መቷቸው። የሳቸው ፈንገስ ሌላ ዓይነት ነው፣ በነጩ ብቻ አልተያዘም፤ ዶክተሯ ያንተ ዓይነቱን ልትጨምርላቸው ፈልጋ አላገኘችም ነበር። እማ ራሷ ይዛ ሄዳ በእጃቸው አኖረችው። «ልጄ የላከው ነው፣ እርስዎም ልጅዎ እንደላከልዎ ይዩት» አለቻቸው። ተሽሏቸዋል፣ ይመርቁሃል። እንዳትከፋ፣ ያንተ ጠብታ አልባከነም።

ትናንት ደግሞ ትልቁ ምርመራ ነበር። ዶክተር ጠሂራ የእማን ደህና ዓይን በካርቶን ሸፈነችና ጣቷን ዘረጋች። «ስንት ነው?» አለቻት። እማ ወደፊት ጎንበስ አለችና «ሁለት ነው። ሂናሽ ደግሞ ለቋል፤ ሲገባ ማረቆ ነበር፣ አሁን ፀሐይ የመታው ዛላ ሆኗል» አለቻት! ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ያ ሊያስወጣኝ የነበረው ዘበኛ እንኳ በር ላይ ቆሞ ይስቃል። እኔ ጮህኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ቤት ውስጥ በደስታ ጮህኩ። ጠባሳ ይቀራል፤ እንፋሎት የነካው መስታወት ነው የሚመስላት አለች ዶክተሯ። ግን ታያለች። ዓይኑ ቦታው ላይ ነው።

አሁን ጉዳዬን ልንገርህ። እማ በረንዳውን በሙሉ «ልጄ ከዱባይ ደውሎ ነጩ ይበልጣል አለ» ብላ አስተምራዋለች። ዶክተሯ ስንት ጊዜ የተናገረችውን አንተ በአንድ ስልክ፣ ያውም ባልደወልከው፣ አሳመንካቸው! እትዬ አበራሽም ብልቃጧን ቦይ ውስጥ ስለወረወርኩባት ሰላምታ ነስታኝ ነበር፤ «ጀማል እንዲህ ካለማ» ብላ ታረቀችኝ። ስለዚህ እማ ከጠየቀችህ ደውለሃል፣ ነጩ ይሻላል ብለሃል፣ ካርድ አልቆብሃል። እንዳታጋልጠኝ! ሌላም ልለምንህ፤ ከእንግዲህ ጠብታ አትላክ፣ ያንን እመጋዘናችሁ ውስጥ ሠራተኞቹ የሚያደርጉትን ዓይን የሚከድን የፕላስቲክ መነጽር ላክልን። እትዬ አበራሽ ጠብታው በነበረበት ሚስማር ላይ ልትሰቅለው ቃል ገብታለች። አድርገን ስንቀነጥስ በያጅ እንመስላለን፣ ይሁን፣ ይሳቁብን።

ጀማል፣ እዚህ ድረስ የጻፍኩት ትናንትና ነበር። ዛሬ ጠዋት ሌላ ነገር ስለሆነ ወረቀቱን መልሼ ከፈትኩት።

እማ ሰግዳ ስትጨርስ ከትራሷ ሥር ሻሿን አወጣች። ፎቶህን ፈታችው። ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችውና ደህናውን ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። በታመመው ብቻ አየችህ። ቆየች። ከዚያ «ከስቷል» አለች። «አንገቱን ተመልከቺው። ይሄ ልጅ ቁርስ አይበላም። ስልክ ላይ ደህና ነኝ ይለኛል እንጂ።» ወስጄ አየሁት፤ እውነቷን ነው። ሁለት ጤነኛ ዓይን ይዤ እኔ አላየሁትም ነበር።

ፎቶውን ግድግዳው ላይ ስትሰካ ወደኔ ሳትዞር «በይ ደውዪለትና ብላ በዪው» አለች። «ግን በደንብ ደውዪ። ያን ቀን ስልኩን ገልብጠሽ ነው የያዝሽው።»

«አውቀሽ ነበር? ታዲያ ለምን እሺ አልሽኝ?» አልኳት።

«ከዚያ ቀን በፊት አንቺ ስታለቅሺ አይቼ አላውቅም» አለችኝ።

በል ቁርስ ብላ። እማ ዱዓዋን ትልክልሃለች፤ በሁለቱም ዓይኗ ናፍቃሃለች። ፉርቃን የኳስ ጫማ ይላክልኝ ብሎ ጆሮዬን በልቷል፤ ሰላም ብሎሃል። እትዬ አበራሽ ጉንጭህን ትስማለች። ለባህረዲን፣ ከራሱ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ያብቃለት በልልኝ። ለህንዱ ጓደኛህ ደግሞ ንገረው፤ ልቡ መልካም ነው፣ ግን ዕጣው የወጣው በገዛ አገሩ ነው፣ ይጠይቅ። አላህ በጤና ያገናኘን።

የምትወድህ፣ የምትጮህብህ እህትህ፣
ሰልሰቢል

መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 2006 ዓ.ም.